ንጽሕና በፍርሃት አይጠበቅም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ትምህርታችን በዐውደ ምሕረት ላይ ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ስለሚታለፍ ነገር ነው። ስለ ወንድና ስለ ሴት የሥጋ አንድነት፣ አባቶቻችን ሩካቤ ብለው ስለሚጠሩት፣ የምዕራቡ ዓለም አስተሳሰብ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ይህም ለውጥ ወደ ደጃችን ሲደርስ ክርስቲያን ወላጅና ክርስቲያን ወጣት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው በእግዚአብሔር ረዳትነት እንመለከታለን። ነገሩ ለአፍ የሚከብድ ነው። ነገር ግን አባትና ካህን አፍረው ዝም ያሉትን፣ ምንም የማያፍር ሌላ አስተማሪ ለልጆቻችን ሌት ተቀን ይነግራቸዋል። ስለዚህ በጨዋ ቃል፣ በግልጥም እንናገራለን።

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ብልባላን የሚያውቅ ሰው በዙሪያዋ ያሉትንም የደጋ መንደሮች ያውቃል። በእነዚያ መንደሮች የሚኖር አንድ ገበሬ ልጁ የመንደሩን ትምህርት ስትጨርስ ወደ ከተማ ይልካታል። ልጅቱ ከጓደኞችዋ ጋራ አንዲት ጠባብ ክፍል ትከራያለች፤ ስንቅዋን ከቤት ተሸክማ ትመጣለች፤ ውሎ አዳርዋን የሚያይ ዘመድ በአጠገብዋ የለም። በእጅዋ ወይም በጓደኛዋ እጅ ግን የዓለሙን ጉድ ሁሉ የሚያሳይ ስልክ አለ። አባት ይህን ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል። ጎረቤቱም፣ «ሳትበላሽብህ ዳራት» ብሎ ይመክረዋል። እርሱም ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ገና በ14 ወይም በ15 ዓመትዋ ሽማግሌ የላከውን ሰው እሺ ይላል።

የዚህ አባት ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊዘባበትበት አይገባም። ጥያቄው መድኃኒቱ የትኛው ነው የሚል ነው። ልጅን ከዘመኑ ብልሹነት ለማዳን ሲሉ ሳትደርስ መዳር በእውነት ንጽሕናዋን መጠበቅ ነውን? ወይስ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል? ይህን ለመመለስ አስቀድመን ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር የምታስተምረውን፣ ቀጥሎ የምዕራቡ ዓለም የሄደበትን መንገድ፣ በመጨረሻም የራሳችንን ቤት እንይ።

አንደኛ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት። ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም ምእመናን የሆኑት፣ ቤተ ክርስቲያን የወንድና የሴትን አንድነት እንደ ርኩሰት የምትቆጥረው ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። እግዚአብሔር አዳምንና ሔዋንን ወንድና ሴት አድርጎ የፈጠራቸው፣ አንድ ሥጋም እንዲሆኑ የወሰነው ከውድቀት በፊት በገነት ሳሉ ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ከሰርግ ቤት ተገኝቶ የመጀመሪያውን ተአምር አደረገ፤ እኛም ይህን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን እናከብራለን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የባልና የሚስትን አንድነት ለክርስቶስና ለቤተ ክርስቲያን አንድነት ምሳሌ አድርጎ ለኤፌሶን ሰዎች ጻፈ። በ4ኛው መቶ ዓመት ጋብቻን የሚጸየፉ፣ ሚስት ካገባ ቄስ እጅ አንቀበልም የሚሉ ሰዎች በተነሡ ጊዜ በገንግራ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት አወገዟቸው። ምንኵስና የከበረ ነው፤ የሚከብረው ግን መልካሙን ነገር ለበለጠ ፍቅር ሲሉ በፈቃድ ስለሚተዉት ነው። ጋብቻ ክፉ ቢሆን ኖሮ እርሱን መተው ምን መሥዋዕትነት ይሆን ነበር?

ከ81 መጻሕፍቶቻችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ጦቢት ጦብያና ሣራ በሰርጋቸው ሌሊት ያደረጉትን ይነግረናል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ተነሥተው አስቀድመው ጸለዩ። ጦብያ ሣራን የወሰዳት ለፍትወት ብቻ እንዳይደለ በእግዚአብሔር ፊት ተናገረ፤ ምሕረትንና አብሮ ማርጀትን ለመነ። ሣራም ከእርሱ ጋራ አሜን አለች። ልብ በሉ፤ አሜን ያለችው ራስዋ ናት። በእርስዋ ፈንታ አባትዋ አልመለሰላትም።

የላስታ ምእመናን ለዚህ ትምህርት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልጋችሁም። በላሊበላ ከሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ አባ ሊባኖስ የቅዱስ ላሊበላ ባለቤት ቅድስት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት ያነጸችው መሆኑን አበው ሲያወርሱ ኖረዋል። ቅድስና በትዳር ውስጥ ለመገኘቱ ከዚህ የቀረበ ምስክር የለም። ከብልባላም ብዙ ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ የቆመውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። ግድግዳው አንዱን ረድፍ በእንጨት፣ አንዱን ረድፍ በድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ነው። እንጨትና ድንጋይ ባሕርያቸው የተለያየ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ ድንጋዩን፣ ድንጋዩም እንጨቱን ይዞ ከ800 ዓመት በላይ ቆመዋል። ክርስቲያናዊ ትዳር እንደዚህ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ተያይዘው አንድ ቤት ይሆናሉ፤ በዚያም ቤት ውስጥ እግዚአብሔር ይመሰገናል።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የባልና የሚስት አንድነት በሦስት ገመዶች የተገመደ ነው። የመጀመሪያው ፍቅር ነው፤ ሁለቱ በፈቃዳቸው ራሳቸውን ይሰጣጣሉ። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነው፤ የተሰጠው አይነጠቅም። ሦስተኛው ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ከአንድነታቸው ሕይወት ይወለዳል፤ ባይወልዱም ቤታቸው ለሌላው መጠጊያ ይሆናል። ሦስቱ ሲያያዙ ጽኑ ናቸው።

ሁለተኛ፤ የምዕራቡ ዓለም መንገድ። አውሮፓና አሜሪካ በአንድ ሌሊት አልተለወጡም። ሦስቱ ገመዶች የተፈቱት በየተራ ነው። የአንግሊካን ጳጳሳት በ1912 ዓ.ም. በተሰበሰቡት የላምቤዝ ጉባኤ ፅንስን መከላከል ነቅፈው ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ በ1922 ዓ.ም. በዚያው ጉባኤ፣ በተወሰነ ምክንያት ለባለትዳሮች ፈቀዱ። በ1940 እና በ1946 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ኪንሴ የሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ጥናት ሊቅ፣ የአገሩ ወንዶችና ሴቶች በሥውር የሚያደርጉትን ጠይቆና ቆጥሮ ሁለት መጻሕፍት አወጣ። ሰው የሚያደርገውን መቁጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስሕተቱ ከቁጥሩ በኋላ መጣ። ብዙዎች ያደረጉትን ነገር ሁሉ ትክክል ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ፤ ቁጥርም የሕግን ቦታ ያዘ። በዚህ መንገድ ከሄድን ብዙ ሰው ስለሚዋሽ ውሸት ጽድቅ ሊሆን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ፅንስን የሚከለክል እንክብል እንዲሸጥ ፈቀደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሥጋ አንድነትና ልጅ በሰዎች አሳብ ተለያዩ። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1960 ዓ.ም. ይህን በመቃወም መልእክት ቢያወጣም ከራሱ መንጋ ብዙው አልሰማውም። በ1962 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ላይ በደል ሳያስረዳ እንዲፋቱ የሚፈቅድ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉ። የቃል ኪዳኑ ገመድ በዚህ ላላ። ከዚያ በኋላ የቀረውን፣ ማለት ፍቅርን ራሱን፣ ነጋዴው ተረከበው። የሰው ሥጋ በሥዕል፣ በፊልም፣ ዛሬም በስልክ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

የዚህን ፍሬ ከራሳቸው መዝገብ ማንበብ ይቻላል። በአሜሪካ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 5 ያህሉ ብቻ ከጋብቻ ውጭ ይወለዱ ነበር፤ ዛሬ 40 ያህሉ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝቡን ብቸኝነት የሚከታተል ሚኒስትር ሾመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ታላላቅ በሚባሉ የፊልም ሠሪዎችና ባለሥልጣኖች እጅ የተደፈሩ ሴቶች ድምፃቸውን አሰሙ፤ ጩኸቱም ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ልብ እንበል። ሁሉ ተፈቅዷል በተባለበት አገር ሴቶች፣ «ያልፈቀድነው ተደረገብን» ብለው አለቀሱ። ነፃነት የተባለው ነገር ኃይለኛውን ነፃ አወጣው፤ ደካማውን ግን ጠባቂ አሳጣው።

ነገር ግን በእውነት እንመስክር፤ ሐሰት ለቤተ ክርስቲያን አይጠቅማትም። ከምዕራቡ ዓለም የመጣ ለውጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ ባል ሚስቱን ቢያስገድዳት አስገድዶ ደፈረ ተብሎ አይከሰስም ነበር፤ በዚያ ዓመት የበላይ ፍርድ ቤታቸው ይህን ሻረው። ሚስት ንብረት አይደለችም ማለት ከወንጌል ጋራ የሚስማማ ፍርድ ነው። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንም ከዚያው ዓለም የመጡ ናቸው። እኒህ ባልና ሚስት፣ ሰውነታቸው ሳይጠና አርግዘው፣ ከሐኪም ርቀው ለቀናት በምጥ ተሠቃይተው፣ ፊስቱላ በሚባለው ጉዳት ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸውንና ከሰው የተገለሉትን እኅቶቻችንን ሲያክሙ ኖሩ። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአገራችን አልተለዩም። ከእነዚያ ሴቶች መካከል በልጅነታቸው የተዳሩ ብዙዎች ነበሩ። የዳሯቸው ወላጆችም ክብራቸውን የጠበቁላቸው መስሏቸው ነበር።

ሦስተኛ፤ የራሳችን ቤት። ከዚህ በላይ የምዕራቡን ዓለም ስንወቅስ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ የሰማችሁን ሁሉ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሦስቱ ገመዶች በእኛ ዘንድ አልተበጠሱም ወይ?

ጠለፋን አስቡ። ውኃ ልትቀዳ የወረደችን ልጅ በኃይል ወስዶ ሚስቴ ናት ማለት የፍቅርን ገመድ መበጠስ ነው፤ ይህንንም ከምዕራብ አልተማርነውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀዳዳውን ዘጋ። የመንደር ሽማግሌ ግን ዛሬም አንዳንድ ቦታ ነገሩን በእርቅና በጥሎሽ ሊጨርሰው ይቀመጣል። የቃል ኪዳኑንም ገመድ አስቡ። ቀድሞ ነጋዴውና ወታደሩ በሄደበት አገር በደሞዝ ሚስት ያስቀምጥ ነበር፤ ዛሬም ስሙ ተለውጦ ውሽማ የሚያኖር፣ ሚስቱን ሥራ ነው ብሎ የሚያታልል ብዙ ነው። በሰማንያ ተጋብቶ ቁርባኑን ለእርጅና የሚያቆይ ምእመንም፣ ትዳሬን ለእግዚአብሔር የምሰጠው ጉልበቴ ካለቀ በኋላ ነው ማለቱ አይደለምን? የልጅንም ገመድ አስቡ። ልጅ አስረግዞ የሚክድ ጎበዝ በየሰፈሩ አለ፤ እርስዋ ከአባትዋ ቤት ትባረራለች፤ እርሱ ግን በሰርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ይጨፍራል።

ስለዚህ ጠላታችን አንድ ነው። የሰውን ሥጋ እንደ ዕቃ ማየት ነው። በምዕራቡ ዓለም ዕቃው በገበያ ይሸጣል፤ በእኛ ዘንድ በሽማግሌ ይሰጣል ወይም በጉልበት ይነጠቃል። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች ያስተማረው ሐዋርያ ሁለቱንም ይቃወማል። ቤተ መቅደስ አይሸጥም፤ በጉልበትም አይያዝም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው አባት እንመለስና የልጅን ጋብቻ በቀጥታ እንናገር። የአሜሪካው እንክብል በተፈቀደበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ሆኖ ተጻፈ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጸና። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ 13 እና ከዚያ በላይ የሆነችውን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች የሆነችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ለመንግሥት ሕግ መታዘዝ ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው። ነገር ግን እኔ ዛሬ የምለምናችሁ እስራትን ፈርታችሁ እንድትተዉት አይደለም። ተክሊል ምሥጢር ነው፤ በምሥጢር ፊት የሚቆም ሰው የሚያደርገውን ማወቅና መፍቀድ አለበት። ሕፃን ስለ ምን እንደምትጠየቅ ሳታውቅ እሺ ብትል እሺታዋ ምን ይመዝናል? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ትሉ የለምን? ለአንድ ራት የማይበቃ እጅ ለዕድሜ ልክ ኪዳን እንዴት ይበቃል?

አንዳንዶች፣ «ዲያቆኑ ቅስና እንዲቀበል ድንግል ማግባት አለበት፤ ስለዚህ በሕፃንነትዋ እናጭለታለን» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ካህናት ወንድሞቼ በጥንቃቄ ያድምጡኝ። ቤተ ክርስቲያን ንጽሕናን የምትጠይቀው ከሁለቱም ነው፤ አክሊሉም የሚቀመጠው በሁለቱም ራስ ላይ ነው። ንጽሕና ደግሞ ባለቤቱ ዐውቆ፣ ወድዶ፣ ታግሎ የሚጠብቀው በጎ ሥራ ነው። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት የተመሰገነው ፈተናውን ዐይቶ፣ እግዚአብሔርን አስቦ ስለ ሸሸ ነው። ገና ምንም ያላወቀችን ሕፃን ወስዶ ንጽሕት አገኘሁ ማለት፣ ያልተዘራውን ማሳ አረም የለበትም ብሎ እንደ ማመስገን ነው። ክህነት የሕፃናትን ልጅነት መሥዋዕት አድርጋችሁ አቅርቡ ብሎ አያዝም። ዲያቆኑ ይታገሥ፤ ልጅቱ ትደግ፣ ትማር፤ በጊዜው በፈቃድዋ ትመልስለት።

የብልባላን ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሳለማችሁ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ የሚኖሩትን ንቦች ታውቃላችሁ፤ ማራቸውንም ምእመናን ለፈውስ በእምነት ይቀምሱታል። ማር ስለ ጣፈጠ ርኩስ ነው የሚል ሰው በዚያ የለም። ነገር ግን ቀፎውን ማንም አላፊ አግዳሚ እየገባ አይበረብረውም፤ እጭ ያለበትንም እንጀራ ያለ ጊዜው የሚቆርጥ ንብ ጠባቂ ማርም ንብም ያጣል። ፈጣሪ በሥጋችን ያኖረው ፍቅርም እንደዚያ ነው። ጣፋጭነቱ ከእግዚአብሔር ነው፤ ጊዜና ሥፍራ፣ አክብሮትም ይፈልጋል። የዘመኑ ሰዎች ቀፎውን ለአላፊ አግዳሚ ከፈቱት፤ እኛ ደግሞ ያለ ጊዜው ቆረጥነው። ሁለታችንም ማሩን አበላሸን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለወላጆች አስቀድሜ እናገራለሁ። ልጃችሁን በከተማ ስታኖሩ በፍርሃት ብቻ አትጠብቋት። ከምትከራይበት ቤት አከራዮች ጋራ ተዋወቁ፤ ስንቅ ስታመጡ የቤት ኪራዩን ከፍላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ተቀምጣችሁ አጫውቷት። እናት ለሴት ልጅዋ የሰውነትዋን ነገር፣ አባትም ለወንድ ልጁ የራሱን ነገር፣ በጊዜው በጨዋ ቃል ይንገሩ። ዝም ብላችሁ የተዋችሁትን ስልኩ ይነግራቸዋል፤ እርሱም የሚነግራቸው ሊሸጥላቸው እንጂ ሊያድናቸው አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ይህን አንድ ቃል ከእናንተ ትስማ፤ «ምንም ቢደርስብሽ ወደ እኔ ነይ»። ይህን ቃል የሰማች ልጅ ሊያስፈራራት የሚመጣውን ሰው አትፈራም። አባትዋን እንደ ገዳይ የምትፈራ ልጅ ግን ለመጀመሪያው አታላይ ምሥጢርዋን ትሰጣለች፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ምሥጢር ያስራታል።

ለወንዶች ልጆችም ይህን እላለሁ። እኅትህን በዱላ የምትጠብቅ፣ የሰውን እኅት ግን የምታታልል ከሆነ፣ የምትጠብቀው ንጽሕናን ሳይሆን የራስህን ኩራት ነው። በስልክህ ላይ ለዐይንህ የሚቀርበው ሥጋ የአንድ ሰው ልጅ ሥጋ ነው፤ አባት አለው፤ እናት አለችው፤ በእግዚአብሔርም አምሳል የተፈጠረ ነው። ጌታችን በልብ የሚደረገውን ምኞት ከሥራው ጋራ አንድ አድርጎ የወቀሰው ነገሩ የሚጀምረው ከዐይን ስለ ሆነ ነው። ዐይንህን ጠብቅ፤ ሥራ ውደድ፤ ጾምህን ጹም። ጾም ከምግብ ጋራ ፈቃድንም ስለሚገታ አባቶቻችን ለባለትዳሮች እንኳ የመታቀብን ወራት ሠሩ፤ ሥጋን ማዘዝ የሚችል ሰው የትዳር ጓደኛውንም ማክበር ይችላል።

ለሴቶች ልጆች ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ልጄ ሆይ፤ ክብርሽ የሚጀምረው ወንድ ስለ ተመኘሽ አይደለም፤ የሚያልቀውም እርሱ ስለ ተወሽ አይደለም። የተፈጠርሽው በእግዚአብሔር አርአያ ነው። ትምህርትሽን ያዢ። የሚወድሽ ሰው ካለ ወደ ወላጆችሽና ወደ ነፍስ አባትሽ በቀን ይምጣ፤ በሥውር ብቻ የሚወድሽ ሰው በግልጥ ለመካድ የተዘጋጀ ነው። ለመጋባት በደረሳችሁም ጊዜ በብዙ አድባራት እንደሚደረገው ደማችሁን ተመርምራችሁ፣ እውነቱን ተነጋግራችሁ፣ በተክሊል ወይም በቁርባን ተጋቡ። ልጅ ስለ ማሳረፍና ስለ መሰለው ጉዳይ ጥያቄ ያላቸው ባልና ሚስትም ከሐሜት ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

አሁን የቀረኝ የወደቁትና የተደፈሩት ጉዳይ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንድ እናደርጋቸዋለን።

በፈቃድዋ ሳለች የወደቀች ልጅ ብትኖር፣ ወድቆም የሚጸጸት ወጣት ቢኖር፣ የንስሐ በር ክፍት ነው። ጌታችን ሊወግሯት ያመጧትን ሴት ከድንጋይ አዳናት፤ አልፈረደባትም፤ ዳግመኛም እንዳትበድል አዘዛት። ምሕረቱና ትእዛዙ አንድ ላይ ናቸው። የዘመኑ ሰው ምሕረቱን ወስዶ ትእዛዙን ይተዋል፤ የመንደራችን ሰው ደግሞ ትእዛዙን ይዞ ምሕረቱን ይከለክላል። ከዚያችም ሴት ጋራ የተያዘው ወንድ የት እንዳለ ያን ዕለት የጠየቀ አልነበረም፤ ዛሬም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ልጁን ያረገዘችበትን ከቤት የሚያባርር አባት፣ ለአረብ አገር ደላላና ለመጠጥ ቤት አሳልፎ እንደሚሰጣት ይወቅ።

የተደፈረች ሴት ግን ኃጢአት የለባትም። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል የዳዊት ልጅ ትዕማር የደረሰባት ተጽፏል። አምኖን በኃይል አስነወራት፤ ወዲያውም ጠላት። ወንድምዋ አቤሴሎም ዝም በይ አላት። አባትዋ ዳዊት ተቈጣ፤ ነገር ግን ፍርድ አልሰጠም። እርስዋ በወንድምዋ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች፤ ያ ዝምታም ለንጉሡ ቤት የደም ዘር ሆነ። ምእመናን ሆይ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች እንደ ትዕማር የተበደሉ እኅቶች አሉን። ብዙዎቹ ዛሬም ዝም በይ ተብለው ይኖራሉ። አንዳንዷን ባልዋ ትቷታል፤ አንዳንዷ ጸበል ቦታ ሄዳ ለብቻዋ ታለቅሳለች። እኛ የዳዊትን ስሕተት አንድገም። ኃፍረቱ የበዳዩ ነው። የተበደለችው እኅት ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ፍርድም ትጠይቅ፤ በቤተ ክርስቲያንም ያለ ሹክሹክታ ቦታዋን ትያዝ። ሚስቱ እንዲህ የደረሰባት ባልም ቃል ኪዳኑ የሚፈተነው በዚህ ቀን መሆኑን ያስብ፤ በደስታ ቀን ብቻ የሚጸና ቃል ኪዳን ኪዳን አይባልም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የምዕራቡ ዓለም ሐሳብ ወደ ተራራችን እንዳይወጣ ማገድ አንችልም፤ ወጥቷልና። ልጅን በቤት መዝጋት ወይም ያለ ዕድሜዋ መዳር አያስቀረውም፤ ያለ ፈቃዱ የተዳረ ልብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚኮበልለው ወደዚያው ነው። ሊያሸንፈው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከሚሰብከው የተሻለ ሕይወት በቤታችን ውስጥ እንዲታይ ማድረግ ነው። አባቱ እናቱን ሲያከብራት ያየ ልጅ፣ ባልና ሚስት አብረው ሲቆርቡ ያየች ልጅ፣ ማንም ሊያታልላቸው በሚመጣበት ጊዜ የሚያወዳድሩበት ሚዛን አላቸው። ሽማግሌ ተልኮበት መልስ ለመስጠት ዛሬ ማታ የሚያመነታ አባት ካለም፣ እሺ ከማለቱ በፊት ልጁን ጠርቶ ይጠይቃት፤ አንገትዋን ደፍታ ዝም ብትል ዝምታዋን እንደ እሺታ አይቁጠረው። ሽማግሌዎቹን በክብር ይመልስ፤ ልጁንም በሰኞው ቀን ወደ ትምህርት ቤትዋ ይሸኛት።

ቃና ዘገሊላ በሰርግ ቤት የተገኘ አምላክ በየቤታችን ይገኝልን፤ ወጣቶቻችንን በንጽሕና ይጠብቅልን፤ የወደቁትን ያንሣ፤ የተበደሉትን ያጽናና፤ ባለትዳሮችን በፍቅር አንድ ያድርግ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ላሊበላና የቅድስት መስቀል ክብራ፣ የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስም ረድኤት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።